ጠበቃ ቢሮ ለልምምድ ለምትወጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ሐዋሳ ላይ ጥብቅና ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በየዓመቱ አንድ ሁለት የሕግ ተማሪ ለተግባር ልምምድ ቢሮዬ ይመጣል። ፊታችሁን አይቼ የምትጠብቁትን አውቃለሁ፤ ችሎት፣ የጋለ ክርክር፣ መስቀለኛ ጥያቄ። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ድርጅት አቋቁመው እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ አንዳንዶቻችሁ በሐሳባችሁ አዲስ አበባ ትልቅ ሕንፃ ላይ ወጥታችኋል። ቢደርሳችሁ ደስ ይለኛል። እዚህ የምታገኙት ግን ሁለት ክፍል፣ ግድግዳውን የሞላ ፋይልና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በር ላይ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ነው።

መዝገብ ቤት ትላካላችሁ። ቀጠሮ ታያላችሁ፣ የትእዛዝ ግልባጭ ታወጣላችሁ፣ ፎቶ ኮፒ ታስነሣላችሁ። ይህን አትናቁት። መዝገብ ያልቆጠረና ያላገላበጠ ሰው የሥነ ሥርዓት ሕጉን በቃሉ ቢወጣውም ክስ እንዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ፈቃድ ስለሌላችሁ ችሎት ፊት ቆማችሁ አትከራከሩም፤ ከኋላ ተቀምጣችሁ ትሰማላችሁ፣ ትጽፋላችሁ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ባለጉዳይ ከፊታችሁ ሲቀመጥ ስለምታደርጉት ነው። ክስ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ችሎት ላይ ሳይሆን እዚያች ወንበር ላይ መሆኑን የተማርኩት በሰው ጉዳት ነው።

ነገሩ የሆነው በ1998 ነው። ከአንድ ድርጅት የተሰናበቱ ዘበኛ ወደ እኔ መጡ። «መቼ ነው ያሰናበቱዎት?» አልኳቸው። «በፋሲካ ሰሞን» አሉኝ። ወረቀቴ ላይ «ፋሲካ» ብዬ ጻፍኩ። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 15 ነበር። የስንብት ደብዳቤውን ስጠይቃቸው ቤት ነው አሉ። «ሲመቸዎት ያምጡት» ብዬ ክሱን ማርቀቅ ጀመርኩ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ጽሑፍ ማሳመር እወድ ነበር። አንዱን አንቀጽ አራት ጊዜ ጻፍኩት። ሐምሌ 7 ቀን ደብዳቤውን አመጡልኝ፤ ቀኑን ሳላይ በስቴፕለር ከክሱ ጀርባ አያይዤ በዚያው ዕለት መዝገብ አስከፈትኩ።

ደብዳቤው የተሰጣቸው ሚያዝያ 4 ቀን ነበር። ለእሳቸው «የፋሲካ ሰሞን» ማለት ጾሙ ሳይፈታ፣ ሆሳዕና እንኳ ሳይደርስ ነው። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ እንዲከስ ያዛል። ዛሬ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህን ጊዜ አላራዘመውም። እኔ ሦስት ቀን አሳልፌ ነበር። ተከሳሹ የይርጋ መቃወሚያ፣ ማለትም ክሱ የቀረበው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው የሚል መቃወሚያ፣ አነሣ፣ ችሎቱም ተቀበለው።

ብይኑ ተነቦ ኮሪደር ላይ ስንወጣ ሰውዬው ቆባቸውን አደረጉና «ታዲያ መቼ ግባ አሉኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን ነበር የጠየቁኝ። የተነበበው አልገባቸውም። ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አስረዳኋቸው። የክፍያ ጥያቄያቸው መክሰሻ ጊዜው ስድስት ወር ስለነበረ ተረፈ። ሥራቸው ግን ቀረ፤ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። ይህንን ለማንም ተማሪ ሳልነግር አልቀርም።

ስለዚህ ባለጉዳይ ፊት ስትቀመጡ ካላንደር ጠረጴዛው ላይ ይሁን። ሰው የሚያስታውሰው በበዓል፣ በቡና ለቀማ፣ በልጁ መወለድ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚቀበለው ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። ወረቀት ሲሰጣችሁ ከይዘቱ በፊት ቀኑን አንብቡ። የተጻፈበት ቀንና የደረሰበት ቀን አንድ ላይሆን ይችላልና ማን እንደተቀበለው፣ ፈርሞ እንደሆነ ጠይቁ። ወረቀቱ ቤት ነው ካሏችሁ «ሲመቸዎት» አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሄደው እንዲያመጡ ለምኑ፤ ለባጃጅ የሚሰጥ ካላችሁም ስጡ።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ነገር አደራ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ ስትሄዱ የሰው ጉዳይ ቢሮ ጥላችሁ ሂዱ፤ ስም ባታነሡም። በዚህ ከተማ የባልና ሚስቱን ጠብ ስታወሩ ከጀርባችሁ የተቀመጠው የሚስትየዋ ወንድም ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ዓመት ከእኔ ጋር የሠራች ተማሪ ነበረች፤ ሲዳምኛ አፍ የፈታችበት ነው። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ እናት ገቡ። እኚህ እናት እጃቸውን እያወራጩ ረጅም ሰዓት ተናገሩ። ሲጨርሱ ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ጎረቤቴ መሬቴን ወሰደብኝ ነው የሚሉት» አለችኝ። «ይህን ሁሉ ያወሩት ለዚህ ነው? እንደገና ጠይቂያቸውና ያሉትን ሁሉ ሳታሳጥሪ ንገሪኝ» አልኳት። ትንሽ አፈረች፤ ከዚያ ግን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ጎረቤታቸው አጥሩን የገፋው በፍቼ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ማግስት ነው። አጥሩ ውስጥ የገባው እንሰት የመጨረሻ ልጃቸው ሲወለድ በእጃቸው የተከሉት ነው። ሲተክሉ ያገዟቸው ሁለት ሰዎች በሕይወት አሉ።

በዚያች አጭር ትርጉም ውስጥ ይዞታውም፣ ምስክሩም፣ ጊዜውም ጠፍቶ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት የሁከት ይወገድልኝ ክስ፣ ማለትም ይዞታዬ ተነካብኝ የሚል ሰው የሚያቀርበው ክስ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ፍቼ ጫምባላላ ደግሞ የተቆረጠ ቀን የለውም፤ በየዓመቱ አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ ሽማግሌዎች ሰማዩን አይተው ነው የሚወስኑት። ሁለት ፍቼ አለፈ ማለት ሁለት ዓመት ሞላ ማለት ላይሆን ይችላል፤ አልፎም ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ይህን እኔ ሳልነግራት ነው ያየችው። «የትኛው ፍቼ?» ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ በዓሉ በዚያ ዓመት የዋለበትን ቀን አጣርታ በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ገና ጊዜ ነበረን።

ክሱን ያረቀቀችው እሷ ናት፤ እኔ አርሜ ፈረምኩበት። ከመፈረሜ በፊት ግን ለእኚያ እናት በሲዳምኛ እንድታነብላቸው አደረግሁ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። እንሰቱ ያለው ከቤቱ በስተጀርባ ነው ብለን ጽፈን ኖሯል፤ እሳቸው ከጎን ነው አሉ፣ ቡናው ባለበት በኩል። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አውጥታ አስተካከለችው።