«አምስት ዓመት የተማርሽው ጣሪያ ላይ ልትወጪ ነው?»

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ ታክሲ ውስጥ፣ ከዚያ ማታ ቤት ገብቼ እስክሪብቶ ይዤ።

ለሌሎቹ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ይቺ ልጅ አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምራ ዘንድሮ ተመርቃለች። ሁለት ሥራ ቀርቦላታል። አንዱ ሰንጋተራ ያለ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የሕንፃውን መብራት፣ ጄኔሬተርና ሊፍት የሚከታተል ክፍል ውስጥ፤ ቋሚ፣ የቤት ብድር ያለው። ሌላው የአንድ ዓመት ኮንትራት ነው። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጤና ጣቢያዎች ላይ ሶላር የሚተክል ፕሮጀክት ላይ። ወላጆቿ ባንኩን ይላሉ። እሷ ደግሞ በልቧ ሦስተኛ ነገር ይዛለች፤ ውጭ ሄዳ በአየር ንብረት ፖሊሲ ማስተርሷን ሠርታ፣ ተመልሳ እዚሁ ካሉት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ ውስጥ መግባት። የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ በእሷ ላይ ሊወድቅ ነው። እንግሊዝኛ መጻፍ ይከብደኛል ትላለች። አክስቷም «ጁባ የሄደችን ሴት ማን ያገባታል» ብለዋታል።

ሁሉንም እመልሳለሁ። ግን እንቅልፍ የነሳኝ አባትሽ የተናገሩት ነው። «አምስት ዓመት የተማርሽው ጣሪያ ላይ ልትወጪ ነው?» አሉሽ። አንቺም ከሥሩ እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ፦ «እውነታቸውን ይመስለኛል ጋሼ። ፓናል መስቀል የቴክኒሺያን ሥራ ነው። እኔ ፕሮጀክት መንደፍ ነው የምፈልገው።»

አባትሽን አከብራለሁ። እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። አንቺም ተሳስተሻል።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት ጋምቤላ ክልል ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ሶላር ተከልን። ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ስንት አምፖል፣ ስንት ፓናል፣ ስንት ባትሪ፤ ሒሳቡ ልክ ነበር። ተመረቀ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሪፖርት ጻፍን፣ ተመለስን። ከዓመት ምናምን በኋላ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ፓናሎቹ ጣሪያው ላይ ያብረቀርቃሉ። ደስ አለኝ። ገብቼ የክትባት ፍሪጁን ስከፍተው ውስጡ የበሽተኛ ካርድ ተደርድሮበታል። ባትሪዎቹ ሆዳቸው ተነፍቷል። ከባትሪው ወደ አምፖሎቹ የሚሄድ አንድ ቁራጭ ሽቦ አየሁ። ቻርጅ ኮንትሮለሩን ዘሎ በቀጥታ ተቀጥሏል።

ማነው ይህን ያደረገው ብዬ ጮህኩ። አዋላጅ ነርሷ ወጣች። «እኔ ነኝ ያስደረግኩት» አለችኝ። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራቱ ድርግም ይልብናል። እናት እያማጠች ነው። ጥበቃውን ጠርቼ እንደምንም ብለህ አብራው አልኩት።»

ኮንትሮለር የሚባለው ዕቃ ባትሪው በጣም ሲወርድ ራሱ መብራቱን ይቆርጣል። ባትሪውን ለማዳን ነው። የእርሳስ ባትሪ በየሌሊቱ ከግማሽ በታች እየወረደ ከሰነበተ፣ በዚያ ላይ የቆላው ሙቀት ሲጨመርበት፣ ዕድሜው ያጥራል። ጥበቃው የቀጠለው ሽቦ ያንን መከላከያ አስቀረው። ለጥቂት ወራት መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ በራ። ከዚያ ባትሪው ሞተ፤ ፍሪጁም አብሮ ቆመ።

ነርሷ ላይ ምን ልፈርድ? ስነድፍ ሌሊት ስንት እናት እንደምትወልድ አልጠየቅኳትም። የማዋለጃውን መብራትና የክትባቱን ፍሪጅ በአንድ ባትሪ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት መመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ጥበቃው የሚናገረው ኑዌርኛ ነው። በአስተርጓሚ ግማሽ ሰዓት አስረድቼው ነበር የሄድኩት። ለባትሪ መቀየሪያ የሚሆን ብር ደግሞ በጀቱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልተያዘለትም። ያንን ሰነድ ስንጽፍ ጠረጴዛው ዙሪያ ከነበርነው ሰዎች ውስጥ የሞተ ባትሪ ተሸክሞ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ጥገና ላይ ሠራሁ። ጣሪያ ላይ ነው የዋልኩት። ቤተሰቤ ምን እንዳሉ አልነግርሽም፤ ከአባትሽ የባሰ ነው። ስለ ዲዛይን የማውቀውን አብዛኛውን ግን ያኔ ነው የተማርኩት።

ዛሬ ብዙ ቦታ የሚገባው የክትባት ፍሪጅ ባትሪ የለውም። ከፓናሉ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ውስጡ በረዶ ይሠራል፤ ሌሊቱን ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያቆየው ያ በረዶ ነው። ወደዚህ ሐሳብ የተኬደው በየገጠሩ ባትሪ እየሞተ ስላስቸገረ ነው። የመስኩን ችግር የሚያውቅ ሰው ባይኖር ማን ያስበው ነበር?

አሁን ወደምትሄጂበት አገር እንምጣ። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ከአሥር ሰው አንዱ እንኳ መብራት አያገኝም። አገሩ ድፍድፍ ነዳጅ ለውጭ ይሸጣል። ናፍጣው ግን ከሞምባሳ ወደብ ተነስቶ ኬንያንና ዩጋንዳን አቋርጦ በኒሙሌ በኩል በቦቴ ይገባል። መንገዱ ሲዘጋ፣ ወይ ዝናቡ ጭቃ ሲያደርገው፣ ጄኔሬተሩ ይቆማል። ጄኔሬተሩ ሲቆም ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይጨልማል። እንደዚያ ባለ አገር ትልቅ ግድብ ወይ ረጅም የኃይል መስመር ልሥራ ብትዪ፣ ገንዘብ አበዳሪው የሃያ ዓመት ዋስትና ይጠይቅሻል። የሃያ ዓመት ዋስትና ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሥራው በትንሽ በትንሹ ነው የሚሄደው። አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ የውሃ ፓምፕ፣ አንድ ትምህርት ቤት። ትንሽ ነገር ደግሞ በየቦታው የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል። በየጠረፉ ያየሁት የሶላር መቃብር ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው። ፓናል ሞልቷል። የጠፋው ሰው ነው።

አባትሽ «ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ» ማለታቸውንም ጽፈሻል፤ እሱን ደግሞ በየመን ልመልስላቸው። ሐጃ ግዛት ውስጥ፣ አብስ በሚባል ቦታ፣ ከጦር ግንባሩ ብዙም ሳይርቅ፣ 10 ሴቶች የራሳቸውን ትንሽ የሶላር ጣቢያ አቋቁመው ለጎረቤቶቻቸው መብራት ይሸጣሉ። ከናፍጣው በጣም በረከሰ ዋጋ። መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ሳቀባቸው፤ የወንድ ሥራ ነው ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ2020 የብሪታኒያው አሽደን ሽልማት ለሥራቸው ተሰጠ።

ፖሊሲውን የምትወጂው ከሆነም መንገዱ በዚሁ ያልፋል። ኮንጎ ውስጥ ጎማ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ የጀመረ 1.3 ሜጋ ዋት የሶላር ጣቢያ አለ። ከዚያ ጣቢያ ይህን ያህል የፀሐይ ኃይል መመንጨቱን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ተዘጋጅቶ ለማይክሮሶፍት ተሸጠ፤ ገንዘቡም ንዶሾ ለሚባል ሰፈር የመንገድ መብራት ሆነ። ግጭት ያለባቸውን አገሮች ታስቦ የተፈጠረ የገንዘብ ምንጭ ነው፤ በጣም ጥሩ ሐሳብ። ግን ያ ሁሉ ስምምነት የቆመው ኃይሉን በሚለካ አንድ ቆጣሪ ላይ ነው። ቆጣሪው ከተበላሸ፣ ወይ ቁጥሩን የሚያምነው ሰው ከሌለ፣ የሚሸጥ ነገር የለም። መጀመሪያ ቆጣሪውን እወቂው። ኮንፈረንሱ አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2027 የአየር ንብረቱ ትልቅ ጉባኤ ራሱ አዲስ አበባ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ላይ አባትሽ ልክ ናቸው፤ ስጋቱ ላይ። ጁባ ውስጥ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው የሚኖሩ አበሾች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም አደጋ ላይ አይደለም። ሁኔታው ግን በሳምንት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። የዓለም ባንክ በየዓመቱ በሚያወጣው የግጭት አገሮች ዝርዝር ውስጥ በቅርብ ዓመታት ኢትዮጵያም እንዳለችበት ንገሪያቸው። ላስፈራራቸው ብዬ አይደለም። አደጋ የሚባለው ድንበር ተሻግሮ ብቻ የሚጠብቅሽ እንዳይመስላቸው ነው።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ቀጣሪዎችሽን ጠይቂ። ብታመሚ ወይ ነገሩ ቢደፈርስ በአውሮፕላን የሚያወጣሽ ኢንሹራንስ አለ ወይ? «ውጡ» የሚለውን ውሳኔ የሚወስነው ማነው፤ እዚያው ያለ ሰው ነው ወይስ አውሮፓ የተቀመጠ? ደሞዝሽ የት አገር ባንክ ይገባል? በስንት ሳምንቱ እረፍት ትወጫለሽ? መልሱን በቃል አትቀበዪ፤ በጽሑፍ ይስጡሽ። ኢንሹራንሱ ከሌለ ባንኩን ያዢ። ይህን የምለው የመስክ ሥራ እየወደድኩ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የጥገናውን በጀት ጠይቂ። ከተተከለ በኋላ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው ዓመት የተያዘ ብር አለ? መለዋወጫው የት ይቀመጣል? እዚያው የሚሠለጥን የአገሩ ሰው አለ? ዝም ካሉሽ፣ ወይ «እሱን የአገሩ መንግሥት ይረከባል» ካሉሽ፣ አትሂጂ። እኔ የሠራሁትን ስህተት በሌላ አገር ልትደግሚ ነው።

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልቆጣሽ። የወንድምሽን ክፍያ ሦስት ጊዜ ጽፈሻል። ስንት ብር እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልጻፍሽም። እንዲህ ያለ ነገር በደፈናው ሲወራ ሁልጊዜ ተራራ ያክላል። ዛሬ ማታ ከእናትሽ ጋር ቁጭ በዪና ክፍያውን፣ የቤት ኪራዩንና የአባትሽን ጡረታ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከዚያ የሁለቱን ሥራ ደሞዝ ከጎኑ ጻፊ። ኮንትራቱ የዓመቱን ክፍያ ከሸፈነ ጥያቄው አለቀ። ካልሸፈነ ደግሞ ለምን ያህል ወር ምን ያህል እንደሚጎድል ይታወቃል። ወንድምሽን ማስተማር ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም አስተምሬአለሁ። ግን የመጀመሪያ ልጅ ሥራ በያዘች ማግሥት ዕድሜ ልኳን የቤቱ ጡረታ ትሁን የሚባለው ነገር ልክ አይደለም፤ ወላጆችሽም ቢሆኑ ፊት ለፊት ቢጠየቁ ልክ ነው የሚሉ አይመስለኝም።

ማስተርሱ ሁለት ዓመት ይቆይ፤ የመስክ ሥራ ይዘሽ ስታመለክቺ ስኮላርሺፑም ይቀላል። እንግሊዝኛው በየሳምንቱ አንድ ገጽ ሪፖርት እየጻፍሽ ይስተካከላል። ከእሱ ይልቅ የጁባ አረብኛ ጀምሪ፤ ያኔ እኔ ኑዌርኛ ብችል ኖሮ ጥበቃው የነገረኝ ነገር ይኖር ነበር። አክስትሽን በፍቅር አልፈሻቸው ሂጂ።

ባንኩ መጥፎ ሥራ ነው አላልኩም። ጄኔሬተርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው በባትሪ የሚተካውን ዕቃ) በደንብ የሚያውቅ መሐንዲስ የትም አይራብም። ያለፍላጎትሽ፣ በእፍረት ብቻ ከገባሽ ግን በሦስተኛው ዓመት መልሰሽ ትጽፊልኛለሽ። እንደዚያ ዓይነት ደብዳቤ በጣም ብዙ ደርሶኛል።

ማክሰኞ ከሰዓት አራት ኪሎ ነኝ። ኮንትራቱን ይዘሽ ነይ፤ አብረን ገጽ በገጽ እናንብበው። አባትሽም ፈቃደኛ ከሆኑ ይምጡ። ያንን የተነፋ ባትሪ ፎቶ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፤ እሳቸው ቢያዩት ደስ ይለኛል።