ዶሮው በአስር ሲባዛ

የግንፍሌዋ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆነሽ፤ ሥራ ግን እስካሁን የለም። በቀበሌ ቤታችሁ ጓሮ 18 ዶሮና አንድ አውራ ታረቢያለሽ። በቀን 14 ገደማ እንቁላል ይገኛል፤ ከፊሉን ትበላላችሁ፣ ከፊሉን ለሰፈሩ ሱቅ ትሰጫለሽ። አሁን እናትሽ ዕቁብ ሊደርሳቸው ነው። በዚያ ብር ዶሮዎቹን 200 ላድርሳቸው ወይ ነው ጥያቄሽ። አጎትሽ ደግሞ «ዲግሪ ይዘሽ ዶሮ ትጠብቂያለሽ?» ብለው አኩርፈዋል።

አጎትሽን ቶሎ ልለፋቸው። የመብራት ይከፍሉላችኋል? ካልከፈሉ፣ ማኩረፋቸው ምንም አያጎድልባችሁም። በዚያ ላይ ፋሲካ በመጣ ቁጥር እንቁላል አስጠቅልለው እንደሚሄዱ አንቺው ጽፈሻል።

ዕቁቡን ግን በዋዛ አላልፈውም። እንዳትነኪው።

አንቺ ያደረግሽው የአሁኑን ትርፍ ወስዶ በአስር ማባዛት ነው። ሂሳብ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ እስቲ ሌላውንም እናባዛው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። 200 ዶሮ ሲሆን 24 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል አራት ቀን ቢያቆይሽ ነው፤ በወር ከሰባት ኩንታል ያልፋል። ያሁኖቹ እኮ ሲሶ ሆዳቸውን የሚሞሉት በጎመን ቅጠልና እናትሽ በሚጋግሩት እንጀራ ፍርፋሪ ነው። ፍርፋሪው በአስር አይባዛም። ባለሱቁም ያው አንድ ሰው ነው። ኩሱ ግን ይባዛል፣ ሽታውም አብሮ።

ቦታውስ? መሬት ላይ ሰጋቱራ ተነጥፎ ሲረባ ለአንድ ካሬ ሜትር ስድስት ዶሮ ያህል ይበቃል። ለ200 ከ30 ካሬ በላይ ትፈልጊያለሽ። ጓሮሽን «ሦስት በአራት» ብለሻል፤ ልብስ የምታሰጡትም እዚያው ነው። ደግሞ የቀበሌ ቤት ነው። መሃል ከተማ ሰፈር እንዴት እየተነሳ እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ተነሱ ቢባል 200 ዶሮ ይዞ የት ይኬዳል?

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ጊዜው ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ብትገዢ የመጀመሪያዋን እንቁላል ለማየት አምስት ወር ገደማ ነው። የ45 ቀን ብትገዢም ሦስት ወር ትጠብቂያለሽ። ዕቁቡ አንዴ ከተበላ በኋላ ደግሞ ዳኛው አያዝንም፤ በየሳምንቱ መክፈል ነው። ዶሮዎቹ እንቁላል ሳይጥሉ እናትሽ ዕቁብ ይጥላሉ ማለት ነው። ልክ መጣል ሲጀምሩ ሁዳዴ ቢገባስ? 55 ቀን ሰፈሩ እንቁላል አይገዛም፣ ዶሮዎቹ ግን አይጾሙም።

ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬ መኖ መሸጫ ውስጥ ሂሳብ መያዝ ነበር። ማታ ቤት ስገባ የፉርሽካው ብናኝ ከቅንድቤ አይለቅም። እናቴ ለጎረቤት «ቢሮ ነው የምትሠራው» ትል ነበር። አንድ ደንበኛ ነበረን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ኩንታል የሚወስድ። ቆይቶ አንድ ኩንታል ሆነ። ከዚያ ግማሽ፣ እሱንም በዱቤ። አንድ ቅዳሜ ቀያይ የፕላስቲክ የዶሮ መጠጫዎች ይዞ መጣ። ታጥበው፣ ተደራርበው፣ በሲባጎ ታስረዋል። «ትገዙኛላችሁ?» አለን። ስሙ ከዱቤው ጋር ደብተሬ ላይ ነበረ፤ ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር እኮ። በቀን ስንት ኪሎ እንደሚበሉበት ስጠይቀው ግን አንድም ቀን በትክክል ነግሮኝ አያውቅም።

እዚያ ሦስት ዓመት ሠርቼ ነው ጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ የተቀጠርኩት። አንቺም ሲቪሽን ባንክ ለባንክ ብቻ አትበትኚው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጫጩት አስፈልፋዩም፣ መኖ አቀነባባሪውም፣ ትልልቁ የዶሮ እርባታም እዚያ አለ። የዶሮ ምርምሩም የእንስሳት ክትባት ምርቱም እዚያው ነው። ዴቢትና ክሬዲት የሚያውቅ ተመራቂ ሞልቷል። ከእነሱ ውስጥ ቄብ ዶሮ መቼ መጣል እንደምትጀምር የሚያውቅ ስንት ነው? ቃለ መጠይቅ ስትገቢ የዶሮ ደብተርሽን ይዘሽ ግቢ።

ደብተር የለሽም መሰለኝ፤ ደብዳቤሽ ላይ ሁሉም ቁጥር «ገደማ» ነው። ከነገ ጀምሪ። ስንት ኪሎ መኖ ገባ፣ ስንት እንቁላል ወጣ፣ ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ተሸጠ። የበላችሁትንም በሱቅ ዋጋ አስልተሽ ጻፊው። ወሩ ሲያልቅ የ18ቱ ዋና ጥቅም ከምትሸጪው ይልቅ ከገበታችሁ ላይ የሚገኝ ይመስለኛል። ለእናትሽም ለአንቺም በየቀኑ እንቁላል መብላት በዚህ ኑሮ ቀላል ነገር አይደለም። እነሱን አቆዪያቸው።

ለቀሪው ጥያቄሽ ባጭሩ። ድርጭት ቦታ አትፈጅም፣ በሰባት ሳምንት ገደማም መጣል ትጀምራለች፤ እንቁላሏን ማን እንደሚገዛሽ ሳታውቂ ግን አትግቢበት። ማስተርስ ልማር ወይ ያልሽው ይቆይ። ዶሮ የሚፈጀው የፈንግል በሽታ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፣ ከተበጠበጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቶችሽ ጋር ቀን ቆርጣችሁ አንድ ላይ አስከትቡ።

አውራው ከሌሊቱ አስር ሰዓት እየጮኸ ከጎረቤት አጣላኝ ያልሽው ደግሞ ቀላል ነው። ለሚበላ እንቁላል አውራ አያስፈልግም፣ ያለ እሱም ይጥላሉ። ለእንቁጣጣሽ ይታረድ። አራጅ ካጣችሁ አጎትሽን ጥሪያቸው።