ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ባልደረባዬ የጉበት ቫይረስ ተገኘባት፤ እኔስ ልመርመር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሲያትል ነው። ኔይል ሳሎን ውስጥ ከቬትናሞች ጋር እሠራለሁ። ባለፈው ወር በቤተ መቅደሳቸው ነፃ የጉበት ምርመራ ነበር፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘባት። ስትታይ ግን ፍጹም ጤነኛ ናት። ምሳ አብረን ነው የምንበላው፤ ከአንድ ሳህን እንቀማመሳለን። አሁን ሰው ሁሉ ሸሸት እያላት ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ። የእስያ ሰዎች በሽታ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው? ታላቅ እህቴ ከዓመታት በፊት ለዱባይ ስትመረመር በዚሁ ምክንያት ሜዲካል ወድቃ ቀርታለች። እኔም ተመርምሬ ቢገኝብኝ ሥራዬና ወረቀቴ ምን ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከምሳው ልጀምር። ነገም አብረዋት ይብሉ። ይህ ቫይረስ በምግብ፣ በሳህን፣ በመተቃቀፍ ወይም በማስነጠስ አይተላለፍም። በጉርሻም አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ እንዲሁም በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ሥራ ቦታ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ነው። ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጥፍር መቁረጫውና ቆዳ ማንሻው ከእያንዳንዱ ደንበኛ በኋላ በደንብ ታጥቦ በፀረ ተዋስያን መጽዳት አለበት። ይህን የምታደርጉት ማን በሽታው እንዳለበት ስለማይታወቅ ነው እንጂ ባልደረባዎ ስለታመመች አይደለም።

የእስያ ሰዎች በሽታ ነው ወይ ላሉት፣ አሜሪካ ውስጥ ከእስያ የመጡ ሰዎች ከሕዝቡ ትንሽ እጅ ናቸው። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ምክንያቱ ዘራቸው ወይም አመጋገባቸው አይደለም። ቻይና፣ ቬትናም፣ ኮሪያ እና ፊሊፒንስ ውስጥ ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያሸንፈዋል፤ ሥር የሚሰድበት ከ100 ሰው ከ5 ባነሰው ላይ ነው። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከ100 ውስጥ 90ው ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ጉበት ደግሞ ችሎ ይኖራል። ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ምንም ሳያሳይ ቆይቶ አንድ ቀን የጉበት መኮማተር ወይም ካንሰር ሆኖ ብቅ ይላል።

በዚያ ቤተ መቅደስ የተደረገው ምርመራ ታሪክ አለው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳሙኤል ሶ የሚባሉ የጉበት ቀዶ ሐኪም በፈረንጆች 1996 የእስያ ጉበት ማዕከልን አቋቋሙ፤ ሥራቸውንም ከሆስፒታል አውጥተው ወደ ሰፈሩ ወሰዱት። በ2007 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማዋን ከሄፓታይተስ ቢ ነፃ ለማድረግ ዘመቻ ጀመረች። ፊዮና ማ የተባሉት ፖለቲከኛ «እኔም አለብኝ» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሽታውን የቅርብ ዘመድ እንኳ እንዳይሰማ የሚደብቅ ሰው ብዙ ነው።

እኔም እንዲህ ባለ የምርመራ ቀን ረድቻለሁ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ደም ለመስጠት ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ግን ጠፋ። በኋላ መነኩሴው ራሳቸው መጥተው ቁጭ አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወዲያ ሰልፉን ማስተናገድ አቃተን። ሰው ክሊኒክ የማይሄደው ሁልጊዜ ስላላወቀ አይደለም። የሚያምነው ሰው ሲቀድም ማየት ይፈልጋል። ሌላም የተማርኩት አለ። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከተላከ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በቋንቋቸው ደውሎ «ቀጠሮዎ ማክሰኞ ነው፣ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ» የሚል ሰው ሲኖር ግን ይመጣሉ። ሰው መርምሮ ብቻ መተው ጭንቀት ሰጥቶ መሸኘት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። የጠየቁኝ ስለ ባልደረባዎ ነው፤ እኔን ያሳሰበችኝ ግን እህትዎ ናት። አንድ እናት ናት የወለደቻችሁ፣ ያደጋችሁትም አንድ ቤት ነው። ቫይረሱ ከእናታችሁ መጥቶ ከሆነ እርስዎም ላይ ሊኖር ይችላል። በልጅነትም በቁስል ወይም በምላጭ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ አዎ፣ ይመርመሩ። እህት ባይኖርዎትም ይህንኑ ነበር የምልዎት። አገር ቤት የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ከ100 ሰው ወደ 7 የሚጠጋው ቫይረሱ እንዳለበት አሳይቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት ክትባት የተጀመረው በፈረንጆች 2007 ስለሆነ የእኛ ትውልድ አላገኘውም። ዓይን ቢጫ እስኪሆን፣ «የወፍ በሽታ» እስኪባል አይጠብቁ። አብዛኛው ተሸካሚ ቢጫ ሳይሆን ነው የሚኖረው። ለወፍ ተብሎ የሚጠጣ የባህል መድኃኒትም ራሱ ጉበትን የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ እባክዎን ይተዉት።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2023 ጀምሮ ማንኛውም አዋቂ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራል። ሐኪምዎን «የሄፓታይተስ ቢ ሦስቱንም ምርመራ» ብለው ይጠይቁ። አንደኛው ቫይረሱ አሁን እንዳለ፣ ሁለተኛው መከላከያ እንዳለዎት፣ ሦስተኛው ከዚህ በፊት ተይዘው እንደነበር ይናገራል። ሦስቱም ነጌቲቭ ከሆኑ ክትባት ይወስዳሉ፤ እንደ ክትባቱ ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው።

ቢገኝብዎትስ? የቫይረሱ መጠን ይለካል፣ የጉበት ምርመራና አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ሁሉም ሰው ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም፤ ክትትል ግን አይቋረጥም። መድኃኒት ካስፈለገ ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር በቀን አንድ ፍሬ ነው። ቫይረሱን ከሥሩ አያጠፋውም፤ ያስተኛዋል፣ የካንሰርንም አደጋ ይቀንሳል። ባለቤትና ልጆች ይመረመራሉ፣ ከሌለባቸው ይከተባሉ። ቢያረግዙ ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባትና ኢሚውኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚከላከል ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ፀረ አካል) ያገኛል፤ ጡት ማጥባትም ይችላሉ።

ፍርሃትዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የገልፍ አገሮች ይህ ቫይረስ የተገኘበትን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፤ ስንቷ ልጅ ከዚያ በር ላይ ተመልሳለች። አሜሪካ ግን እንደዚያ አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ ግሪን ካርድ አያስከለክልም፤ ለግሪን ካርዱ ምርመራ የሚጠየቀው ክትባቱ ነው። ውጤትዎንም ለአሠሪዎ መንገር አያስፈልግዎትም። ይህ ቫይረስ ስላለባቸው ከሕክምና ትምህርት የተከለከሉ ተማሪዎች ጉዳይ ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ቀርቦ ነበር፤ በ2013 መፍትሔ ያገኘው ተማሪዎቹን በሚደግፍ ስምምነት ነው።

ባልደረባዎን ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ ይጠይቋት። ለእሷም ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አብረዋት ይሂዱ፤ ብቻዋን ናት። የእኛም ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አዳራሾች ለዚህ ቢከፈቱ ምንኛ በወደድኩ፤ ካህኑ ወይም ሼኹ ቀድመው እጃቸውን ቢዘረጉ ሰልፉ ራሱ ይመጣል።

ዛሬ ማታ ደግሞ ለእህትዎ ይደውሉ። ሜዲካል ወደቀሽ ተብላ ስትመለስ ስለ ቪዛው ነው እንጂ ስለ ጉበቷ የነገራት ሰው ነበር? መድኃኒቱ አገር ቤትም አለ። የመጨረሻ ምርመራዋ መቼ እንደነበር ይጠይቋት።