ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን ለምትሻገሩ ወጣት ጸሐፊዎችና ተዋንያን

ውድ ወጣቶች፣

ተውኔት ጽፋችሁ፣ ራሳችሁ ተጫውታችሁት፣ አሁን ደግሞ «ይህ እኮ ለቴሌቪዥን ይሆናል» የሚል ሰው የመጣላችሁ አላችሁ። ደስ የሚል ነገር ነው። ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸውም፣ ብዙ ጸሐፊ የገዛ ሥራውን የሚያጣውም እዚሁ መሻገሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሥራችሁ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ፊርማ ከእጃችሁ አይውጣ። ይህ እንዴት እንደሚቻል ለማሳየት የብሪታኒያዊቷን ተዋናይትና ጸሐፊ የሚኬይላ ኮልን መንገድ እከተላለሁ፤ የእሷ ጉዞ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ምን እንዳደረገች ለይቶ ለመማር ይመቻል።

ኮል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987 ለንደን ውስጥ ከጋናውያን ወላጆች ተወለደች። መድረክ ላይ የወጣችው መጀመሪያ ግጥም እያነበበች ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ቼ ዎከር ሰምቷት ወደ ትወና እንድትገባ አበረታታት፤ ጊልድሆል የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ገብታ በ2012 ጨረሰች። «ቹዊንግ ጋም ድሪምስ» የተባለውን የአንድ ሰው ተውኔቷን በዚያው ዓመት ሃክኒ ዊክ በተባለው የለንደን ሰፈር በሚገኘው ያርድ ቲያትር አሳየች። ያርድ ያኔ ከመጋዘን ወደ ቲያትር የተለወጠ አነስተኛ ቤት ነበር። በ2014 ያው ተውኔት የለንደኑ ብሔራዊ ቲያትር ከደጁ ባቆመው ሼድ በተባለ ጊዜያዊ መድረክ ላይ ታየ፤ 225 መቀመጫ ነበረው። በ2015 «ቹዊንግ ጋም» ተብሎ ኢ4 በተባለው ጣቢያ የስድስት ክፍል ኮሜዲ ሆነ፤ በዓመቱም ባፍታ ከሚባለው የብሪታኒያ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ሁለት አስገኘላት።

ለምን በአንድ ሰው ተውኔት እንደጀመረች አስተውሉ። አንድ ተዋናይ፣ አንድ ወንበር፣ ጥቂት መብራት ካለ ሥራው ይቆማል። የማንንም ፈቃድና በጀት አይጠብቅም። ፕሮዲዩሰር ሲመጣም የሚያየው ያለቀና ተመልካች ፊት የተፈተነ ሥራ ነው እንጂ በቃል የሚነገር ሐሳብ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ 15 ደቂቃ ጻፉ። ያ ከቆመ ወደ 45 ወይም 60 ደቂቃ አሳድጉት። ከዚያ በላይ አንድ ሰው ብቻውን ተመልካች መያዝ የሚችለው በጣም ከበሰለ በኋላ ነው።

ስትጫወቱ አንድ ታማኝ ጓደኛ ጽሑፉን ይዞ ከኋላ ይቀመጥ፤ ሰዉ የሳቀበትን፣ ጸጥ ያለበትን፣ የተቁነጠነጠበትን በሦስት ዓይነት ምልክት ያስምርበት። በአንድ ምሽት ብቻ አትፍረዱ። ሦስት ምሽት በተከታታይ ሳል የበዛበት ቦታ ግን ይቆረጥ፤ የቱንም ያህል ብትወዱት።

አንድ ሰው ሆኖ አምስት ሰው ሲጫወት ዋናው ችግር ድምፅ መለወጥ ይመስላል። ዋናው ዐይን ነው። ልጅቷ እናቷን ስታናግር ወደ ቀኝ፣ ከራሷ ቁመት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ትመልከት። እናትየዋ ስትመልስ ወደ ግራ፣ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋ።  ሰውነት ግን ሙሉ በሙሉ አይዞርም፤ ፊት ለተመልካቹ እንደተሰጠ ወደየጎኑ ትንሽ ዘንበል ይላል። ሙሉ ከዞራችሁ ፊታችሁ ይጠፋል፣ በእያንዳንዱ መመላለስም ግማሽ ሰከንድ ይባክናል። ሃምሳ ጊዜ ስትመላለሱ ጨዋታው ይጎተታል፤ ተመልካቹ ምን እንደሰለቸው ሳያውቅ ይሰለቻል። እይታችሁን አዳራሹ ውስጥ በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ፣ በምሰሶ ወይም በበር ጉበን ላይ፣ ትከሉት።

አሁን ወደ መሻገሩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ተውኔቱን እንዳለ ገልብጠው በስድስት ክፍል በመከፋፈላቸው ነው። ኮል እንዲህ አላደረገችም። በመድረኩ ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ትሬሲ የ14 ዓመት ልጅ ናት፤ በቴሌቪዥኑ የ24 ዓመት ወጣት ሆነች። የመድረክ ተመልካች አንዲት ጎልማሳ ተዋናይ «ሕፃን ነኝ» ስትለው ይስማማል፤ ካሜራ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አያውቅም፣ የፊትን ቆዳ ሳይቀር ያያል። ከዚህም በላይ ወሲብን የሚያነሣ ኮሜዲ በ14 ዓመት ልጅ ላይ ሊሠራ አይገባም። ድባቡም ተለወጠ። ተውኔቱ ወደ ጨለማ ያደላ ነበር፤ ተከታታዩ ይበልጥ ያስቃል። ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረው የተውኔቱ ታሪክ ሳይሆን የትሬሲ ጠባይና አነጋገር ነው።

ይህን ራሳችሁ ለመሥራት ተውኔታችሁን አንብባችሁ በስም የተጠራውን ሰው ሁሉ ዘርዝሩ። በመድረክ እነዚህ ሰዎች የእናንተ ድምፅ ብቻ ነበሩ፤ በቴሌቪዥን ሥጋ ለብሰው ይመጣሉ። እናንተ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በሌለችበት ትዕይንት ውስጥ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚፈልጉ ካላወቃችሁ ቆመው ተራ የሚጠብቁ ይሆናሉ። ከስማቸው አጠገብ «ምን ይፈልጋል? ማን ይከለክለዋል?» ብላችሁ መልሱ። መልስ ያጣችሁለትን ሰው ከሌላው ጋር አዋሕዱት ወይም አውጡት። ቀጥሎ «ነገረችኝ»፣ «ሰማሁ»፣ «አንድ ቀን» ብሎ የሚጀምረውን ሁሉ አስምሩበት። ያ የተተረከ ነው፤ ወይ በዐይን የሚታይ ትዕይንት ይሁን፣ ወይ ይቅር።

ከሁሉ የሚከብደው መጨረሻው ነው። ተውኔት ይዘጋል፤ ተከታታይ ድራማ ግን ክፍል በክፍል የሚያስኬደው የማይፈታ ነገር ያስፈልገዋል። «ቹዊንግ ጋም»ን የሚያስኬደው ትሬሲ በጥብቅ ሃይማኖተኛ ቤት አድጋ ዓለምን ለማወቅ መጓጓቷ ነው። እናትና እህት ቤት አሉ፣ ጉጉቱ ውጭ አለ፤ በየክፍሉ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ አንዱም አያሸንፍም። የእናንተ ታሪክ ግጭቱ በሦስተኛው ክፍል ከተፈታ ስድስት ክፍል አልያዛችሁም፤ አንድ ፊልም ይሆናችኋል፣ ያም ነውር የለበትም።

ትሬሲ ካሜራውን በቀጥታ ታናግራለች። ይህ ከመድረክ የመጣ ነው፤ ጀማሪዎች ግን ያለ ልክ ይጠቀሙበታል። በትዕይንቱ ውስጥ ያለ ማንም የማያውቀውን ነገር ሲሆን ብቻ ወደ ሌንሱ ዙሩ። ተመልካች እያየው ያለውን ነገር ደግማችሁ ከነገራችሁት እንደ ሕፃን የቆጠራችሁት ይመስለዋል።

ስለ ርዝመት፦ በማስታወቂያ በሚቋረጥ የእንግሊዝ ጣቢያ የግማሽ ሰዓት ክፍል የሚባለው በተግባር ከ22 እስከ 24 ደቂቃ ነው። ማስታወቂያው ሳይገባ በፊት ተመልካቹ እንዲመለስ የሚያደርግ ነገር ሳይቋጭ መንጠልጠል አለበት። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው መለኪያ የወጣው ከእንግሊዝኛው የስክሪፕት አጻጻፍ ነው፤ በአማርኛ ስትጽፉ አትመኑት። ሰዓት ይዛችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ እንቅስቃሴውንም ጭምር እየቆጠራችሁ አንብቡ።

ስለ ረቂቅ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፤ ወጣቶች በብዛት የሚሸነፉት እዚህ ነውና። በ2020 በቢቢሲና በኤችቢኦ የታየው «አይ ሜይ ዲስትሮይ ዩ» 12 ክፍል ነው፤ ሁሉንም የጻፈችው ኮል ብቻዋን ናት። 191 ረቂቅ እንደጻፈች ተናግራለች፤ በአማካይ ለአንድ ክፍል 16 ያህል ማለት ነው። ይህን ስትሰሙ አንድን ጽሑፍ 16 ጊዜ ማስተካከል እንዳይመስላችሁ። ሁሉንም በአንዴ የሚያርም ረቂቅ ምንም አያርምም። አንዱን ለታሪኩ ቅደም ተከተል ብቻ ጻፉ። ሌላውን ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ፣ እሱ ያለበትን ትዕይንት ብቻ እያነበባችሁ። ሌላውን ለማሳጠር፣ ከእያንዳንዱ ትዕይንት የመጀመሪያና የመጨረሻ ሁለት ሁለት መስመር እያነሣችሁ፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይጎድልም። አሮጌውን ረቂቅ አትሰርዙ፤ ቀንና ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡት። የጣላችሁት ትዕይንት በዘጠነኛው ረቂቅ ላይ ቦታው ይገኝለታል፤ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ክርክር ቢነሣም ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ይህ ድራማ በከፊል የተነሣው በራሷ ላይ ከደረሰ ወሲባዊ ጥቃት ነው። ጉዳዩን በ2018 በኤዲንብራ የቴሌቪዥን ፌስቲቫል ላይ በሰጠችው፣ ማክታጋርት በሚባለው ዓመታዊ ንግግር ለሕዝብ ተናግራለች። ከራሳችሁ ቁስል ልትጽፉ የምትነሡ አደራ፣ አትቸኩሉ። ጽሑፉን ለማታውቁት ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ስለ ገጸ ባሕርይዋ መነጋገር ከቻላችሁ ደርሷል። ስለ ራሳችሁ ብቻ መነጋገር ከመጣ ገና ነው፣ ይቆይ። በጽሑፉ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው የሚታወቅ ከሆነም አስቀድማችሁ አነጋግሩት፤ ስም መለወጥ ብቻውን አይሸሽግም። ቀረጻው ላይ ኮል ኢታ ኦብራየን የተባለች የቅርርብ ትዕይንቶች አስተባባሪ ነበረቻት፤ በ2021 ያገኘችውን ባፍታም ለእሷ መታሰቢያ አድርጋለች። የአስተባባሪዋ ሥራ ግልጽ ነው። ማን ምን እንደሚነካ፣ የት ላይ እንደሚቆም፣ በክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚቀር ቀድሞ ይነገራል፣ እንደ ዳንስ እርምጃ ይጠናል፤ ተዋናይዋ ሐሳቧን ብትለውጥ ይቆማል። በጀት የለንም የምትሉም ይህን በወረቀት ላይ ለመስማማት ገንዘብ አያስፈልጋችሁም።

ካሜራ ፊት ለመጫወት ከመድረክ የመጣ ሰው ድምፁን መቀነስ ቶሎ ይለምዳል። የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያው ቀን የታሪኩ መጨረሻ ሊቀረጽ ይችላል። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ መስመር የያዘ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ከየት መጣች፣ እስካሁን ምን ታውቃለች፣ ምን ለብሳለች። ብርጭቆ በየትኛው ቃል ላይ እንዳነሣችሁም ያዙ፤ በሚቀጥለው ቀረጻ በሌላ ቃል ላይ ካነሣችሁ ኤዲተሩ ጥሩውን ትወናችሁን ሊጠቀምበት አይችልም።

የቀረው ውሉ ነው። በ2017 ኔትፍሊክስ ለ«አይ ሜይ ዲስትሮይ ዩ» ለኮል 1 ሚሊዮን ዶላር አቀረበላት፤ የቅጂ መብቱ ግን አብሮ ይሄዳል። 5 በመቶ እንዲቀርላት ጠየቀች፤ እምቢ ሲሏት ወደ 2፣ ወደ 1፣ በመጨረሻም ወደ ግማሽ በመቶ ወረደች። እሱም አልተሰጣትም፣ እሷም ገንዘቡን አልተቀበለችም። ያን ውል እንድትቀበል የገፋፏትን የአሜሪካ ወኪሎቿንም አሰናበተች። ከዚያ ቢቢሲ መብቱንና የፈጠራውን ሙሉ ሥልጣን ሰጥቷት ሥራው ተሠራ። በ2021 በዚሁ ጽሑፍ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ስትወስድ በአጭር ተከታታይ ድራማ ጽሑፍ ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ሁሉም ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር እምቢ የሚል አቅም የለውም፤ ያንን እንድታደርጉ አልጠይቃችሁም። የምትሸጡትን አውቃችሁ ሽጡ ነው የምለው።

ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም፤ ጥበቃ ያለው የተጻፈው ነው። በብሪታኒያ የጸሐፊ መብት ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት 50 ዓመት። ስለዚህ የምትፈርሙት ወረቀት የልጆቻችሁም ጉዳይ ነው። ፕሮዲዩሰር መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ኦፕሽን የሚባለውን ውል ነው። አነስተኛ ገንዘብ ከፍሎ ለ12 ወይም ለ18 ወር ሥራውን ለብቻው ይይዛል። ማራዘሚያ ካለ በክፍያ ይሁን፤ ጊዜው ሲያልፍ መብቱ ያለ ምንም ደብዳቤ ወደ እናንተ ይመለስ። የመጀመሪያውን ረቂቅ የመጻፍ ዕድል የእናንተ መሆኑ ይጻፍ። «ከተጣራ ትርፍ ይህን ያህል በመቶ» ሲባል ምን ምን እንደሚቀነስ በዝርዝር ጠይቁ፤ ዝርዝሩ ከሌለ ወጪው ሁሉ ተነሥቶ የሚካፈል ትርፍ ላይኖር ይችላል። ለንደን ያላችሁ የሐበሻ ልጆች የብሪታኒያ የጸሐፍት ማኅበር ለአባላቱ ውል እንደሚያነብ እወቁ። አዲስ አበባ ያላችሁ የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ ፈልጉና ለአንድ ንባብ ክፈሉት።

የመድረክ መብቱን ደግሞ በውሉ ውስጥ በስሙ ጠርታችሁ ለይታችሁ አስቀሩት። «በማናቸውም መንገድ» የሚለው ሐረግ እሱንም ይጠቀልላል፤ ከፈረማችሁበት በኋላ የራሳችሁን ተውኔት በራሳችሁ ሰፈር ለማሳየት ፈቃድ መጠየቅ ይመጣባችኋል።