ሺፍት፣ ጾምና ሦስት ፈተና በአንድ ሳምንት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የፊዚሽያን አሲስታንት (ፒ ኤ፣ ከሐኪም ጋር ሆኖ ሕመምተኛ የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ) ትምህርት ከጀመርኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ጥናት)፣ ክሊኒካል ሜዲስንና የአናቶሚ (የሰውነት አካላት ጥናት) ላብ ፈተና በተከታታይ አሉብኝ። ቅዳሜና እሁድ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። ሌሊቱን ሳነብ አድሬ ጠዋት ምንም አላስታውስም። ጾምም ላይ ነኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከሥራው ልጀምር። የዚህን ሳምንት ሺፍት ዛሬውኑ ለሌላ ሰው አስተላልፊ። ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልግሽ ይገባኛል፤ ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ። ግን ብዙ የፒ ኤ ትምህርት ቤቶች በክፍል ትምህርቱ ወቅት ሥራ መሥራትን አይመክሩም፤ ጭራሽ የሚከለክሉም አሉ። አንድ ኮርስ ወድቀሽ ዓመት ብትደግሚ የምታጪው የሁለት ቀን ደመወዝ ብቻ አይሆንም።

ወደ ጥናቱ ስንመጣ፣ ስላይድ ደጋግሞ ማንበብ ያዘናጋል። ገጹን ስለለመድሽው ያወቅሽው ይመስልሻል። ስላይዱን ዝጊና ራስሽን ጠይቂ። የደም ግፊት መድኃኒቱ ሊሲኖፕሪል ለምን ደረቅ ሳል ያመጣል? ብራዲካይኒን የሚባለው የሰውነት ኬሚካል ስለሚከማች። ታዲያ በሌላው የደም ግፊት መድኃኒት፣ በሎሳርታን፣ ይህ ሳል ለምን እምብዛም አይታይም? ይህን ጮክ ብለሽ ማስረዳት ካቃተሽ ገና አልያዝሽውም ማለት ነው። መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ አትሸምድጂ፣ በቤተሰብ ያዢያቸው። በ«ፕሪል»፣ በ«ሳርታን»፣ በ«ሎል» የሚያልቁትን ለየብቻ ሰብስቢ፤ ከየቤተሰቡ አንዱን በደንብ ካወቅሽ የሌሎቹ ይቀልሻል።

አናቶሚው ግን ቤት ቁጭ ተብሎ አይጠናም። አትላስ ላይ ደም ቅዳው ቀይ፣ ደም መልሱ ሰማያዊ፣ ነርቩ ቢጫ ነው። አስከሬኑ ላይ ስትደርሺ ሁሉም ግራጫ! በዚያ ላይ ፒን የተሰካበትን ነገር አይተሽ ስሙን ለመጻፍ የሚሰጥሽ ጊዜ በጣም አጭር ነው፣ ደወሉ ይደወላል፣ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ትሄጃለሽ። ስለዚህ ከአንድ ጓደኛሽ ጋር ላብ ግቢ፣ እሷ ትጠቁም፣ አንቺ ሰዓት ይዘሽ መልሺ፤ ከዚያ ተቀያየሩ። ብራኪያል ፕሌክሰስንም (ወደ ክንድ የሚሄዱትን ነርቮች መረብ) ባዶ ወረቀት ላይ በቃልሽ ሳዪው፣ ሳትሳሳቺ እስኪወጣልሽ ድረስ።

ጠዋት ምንም የማታስታውሺው ስለማትተኚ ነው። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ አንቺ ደግሞ ያንኑ ሰዓት ነው የምትቀሚው። ቡናም አለበት። የጠጣሽው ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነትሽ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አመሻሽ ላይ ሦስተኛውን ሲኒ ጠጥተሽ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አትበዪ። በረካውን ለፈተናው ማግስት አቆዪው።

ስለ ጾሙ እኔ ልፈርድልሽ አልችልም። ለንስሐ አባትሽ ደውዪና የፈተናሽን ሰዓት ጭምር ንገሪያቸው፤ የሚሉሽን ስሚ። ከሰዓት ድረስ ባዶ ሆድሽን እየዋልሽ ለሦስት ሰዓት ያህል ፈተና ላይ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

አሁኑኑ የሚያስፈራሽ ኮርስ ካለ ደግሞ ለአማካሪ መምህርሽ ዛሬ ኢሜይል ላኪ። «ይህ ክፍል አልገባኝም፣ 15 ደቂቃ ይስጡኝ» ማለት ይበቃል። የእኛ ልጆች መምህር ማስቸገር ይመስላቸውና ውጤት እስኪወጣ ዝም ይላሉ፤ ያኔ የሚቀረው ድጋሚ ፈተና መለመን ነው።

ለቤተሰብሽም እስከ ዓርብ ስልክ እንደማታነሺ አስቀድመሽ ንገሪ። አለዚያ «ልጅቷ ምን ሆነች» ተብሎ ዘመድ አዝማድ በሙሉ ሲደውልልሽ ያድራል።