ሲፒ (ሴሬብራል ፓልሲ) ያለበት ልጅ ይዛ ከውጫሌ ደሴ ለምትመላለሰው እህት

አብሽሪ እህቴ። ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው አይቀመጥም፣ ሲፒ ነው ብለው የሚጥል በሽታ መድሃኒት ብቻ እየሰጡ ይሸኙኛል፣ መመላለሱ ዋጋ አለው ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አለው! ግን መድሃኒት ብቻ ተቀብለሽ አትመለሺ። እኔም እዚሁ ደሴ የሲፒ ልጅ አሳድጋለሁ፣ ልጄን የለወጠው አንድ መድሃኒት ሳይሆን ብዙ ባለሙያ አንድ ላይ ሲያየው ነው፣ እኔንም ጭምር ሲያዩኝ ማለቴ ነው።

ሲፒ ማለት ጭንቅላቱ ገና ሲያድግ፣ በእርግዝና ወይ በወሊድ ሰዓት ወይ ከተወለደ በኋላ የደረሰ ጉዳት ነው፣ ጉዳቱ ራሱ እየባሰ አይሄድም፣ ጡንቻና መገጣጠሚያው ግን ካልተንቀሳቀሰ እየተኮማተረ ይደርቃል። ስለዚህ ዶክተሩን ፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ይጻፉልኝ በይ። ፊዚዮቴራፒስቱ እዛ የሚያሸው ትንሽ ነው፣ ዋናው አንቺን ማስተማሩ ነው፣ እንዴት እንደምታዝይው እንደምታስቀምጪው እንደምታለብሽው፣ ቤት ደግሞ በየቀኑ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከልም አለ፣ ለድጋፍ ወንበርና ለመሳሪያ እዛ ሪፈር ካስፈለገው ጠይቂ።

አመጋገቡን ሳትናገሪ እንዳትወጪ በጣም አደራ። የኔ ልጅ ክብደት አልጨምር ብሎ ደረቱንም ሁሌ ያመው ነበር፣ አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ እስቲ እዚህ አብይው አለችኝ፣ እንደ ቤታችን አጋድሜ አጥሚት ስሰጠው አየችና ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ይችላል አለች። ቀና አርጎ ማስቀመጥ፣ አንገቱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ መደገፍ፣ ቀጠን ያለውን ትቶ ወፈር ለስለስ ያለ ገንፎ በትንሽ ማንኪያ፣ ውጦ ሳይጨርስ ሌላ አለመጨመር፣ በቃ ይሄው ነው፣ ሳሉ ቀነሰ ፊቱም ሞላ። ዓይኑና ጆሮውም ይታይ፣ ብዙ ሲፒ ያለባቸው ልጆች የማየት ወይ የመስማት ችግር አብሮ አለባቸው፣ ካልታየ ደግሞ ልጁ አይገባውም ተብሎ ይቀራል።

ለጥያቄሽ መልስ ኩር ሆስፒታል ውሰጂው ያለችሽ እህት ለደግ ብላ ነው፣ ግን አዲስ አበባ ያለው ኩር ይበልጥ የሚታወቀው በቆልማማ እግር፣ በከንፈር መሰንጠቅና በቃጠሎ የተኮማተረ ቆዳን በመሳሰሉት ኦፕራሲዮን ነው፣ ያንቺ ልጅ አሁን የሚፈልገው እዚሁ ቅርብሽ የማይቋረጥ ክትትል ነው።

ጸበሉንም ዱዓውንም አትተዪ፣ የሚጥል በሽታውን መድሃኒት ግን ሐኪም ሳያዝ በፍጹም አታቋርጪ፣ ድንገት ሲቆም ነው ክፉኛ የሚነሳበት።

አማቴ እርግማን ነው እያለች ቤቱ ሰላም አጥቶ ነበር። አንድ ቀጠሮ ላይ ይዣት ሄድኩና ዶክተሩ ራሱ እማማ ብሎ አስቀምጦ አስረዳት፣ ከዛ ወዲህ እኔ ገበያ ስወጣ ልጁን የምታበላው እሷ ነች። ሶሻል ወርከር ካለም አገናኙኝ በይ፣ እኔን አንቺስ እንቅልፍ ታገኛለሽ ወይ ብላ የጠየቀችኝ የኛዋ ሶሻል ወርከር ብቻ ነች፣ እዛው አልቅሼ ነው የወጣሁት።

ጤና መድህን ካለሽ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዢ እንዳትመጪ። ካርድ ክፍል ደግሞ ከሩቅ ነው የምመጣው የሐኪሙንና የፊዚዮውን ቀጠሮ አንድ ቀን አርጉልኝ በያቸው፣ ደጋግመሽ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው። ልጁ ቤት ሲበላና ሲጥለው በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪና አሳዪያቸው፣ ሐኪም ፊት ሁሉንም ላያሳይ ይችላልና።