«ገመዱ ነው» ያልኩ ጊዜ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ «ጋሼ፣ ሜሞሪ ስጠይቅ የመዝገቦቹን ብዛት በአንዱ መጠን ባባዛው ምን ችግር አለው?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱ አጭር ነበር። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ያኔ ደሴ ነበርኩ፣ ጉረኛም ነበርኩ። ከአንድ መለኪያ መሣሪያ መረጃ የሚቀበል የሊነክስ ድራይቨር፣ መሣሪያውን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ማለት ነው፣ ጻፍኩ። መሣሪያው መጀመሪያ «ይህን ያህል መዝገብ ልልክ ነው» ይላል። እኔም ብዛቱን በ16 ባይት፣ በአንዱ መዝገብ መጠን፣ አባዝቼ ለኬማሎክ (kmalloc) እሰጣለሁ፤ ከከርነሉ፣ ከሊነክስ እምብርት፣ ሜሞሪ የሚጠየቅበት ፈንክሽን ነው። ክረምት ገብቶ የጦሳ ጉም ከተማው ላይ ሲተኛ ኮምፒውተሩ ድርቅ ማለት ጀመረ። «ገመዱ ነው» አልኩ። ገመዱን የዘረጋው አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አለቃችን ፊት «ሥራው ዝርክርክ ነው» አልኩ። ልጁ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ «እሺ» ብቻ አለ። በወሩ ሥራውን ለቀቀ።

እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ሌሊት የሚመጣውን ብዛት አየሁት፤ 268,435,457። በ16 ሲባዛ 4,294,967,312 ነው። ባለ 32 ቢቱ ማሽናችን የሚይዘው ግን እስከ 4,294,967,295 ብቻ። የአሮጌ አይሱዙ ኪሎሜትር ቆጣሪ 999,999ን ሲያልፍ ዜሮ እንደሚለው፣ የኔም ዞሮ 16 ሆነ። ከርነሉ የጠየቅኩትን 16 ባይት ሰጠኝ። እኔ ያንን ሁሉ መዝገብ እዚያ ላይ ልጽፍ ተነሳሁ፣ የጎረቤትን ሜሞሪ እየረገጥኩ። እውነቱን ለመናገር ገመዱም እርጥበት ገብቶበት ነበር፤ ቁጥሩን ያበላሸው እሱ ነው። ግን ቁጥሩን ዝም ብሎ ያመነው ማን ነው?

ዛሬ ኬማሎክ አሬይ (kmalloc_array) አለላችሁ። ብዛቱንና መጠኑን ለየብቻ ይቀበላል፤ ውጤቱ ካልያዘለት ናል (NULL)፣ «ሜሞሪ የለም» ማለት ነው፣ ይመልሳል። ጭራው ላይ አሬይ (የአንድ ዓይነት ዕቃዎች ረድፍ) ላለው ስትራክት (የመረጃ ጥቅል) ደግሞ መጠኑን የሚያሰላ ስትራክት ሳይዝ (struct_size) አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከከርነል 4.18 ጋር የመጣ ነው። ስሌቱ ሲሞላ የመጨረሻውን ትልቅ ቁጥር ስለሚሰጥ ጥያቄው ራሱ ውድቅ ይሆናል። ናሉን ፈትሹ አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች «ፋዘር፣ አሁን እኮ 64 ቢት ነው» ማለት ትወዳላችሁ። ሁለት ኢንት (ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር) ካባዛችሁ እኮ ስሌቱ ያው በ32 ቢት ነው!

ያንን ልጅ ከዓመታት በኋላ ፒያሳ አየሁት። ረዳቱ «ሐይቅ፣ ሐይቅ» እያለ ይጣራል፤ እሱ ሚኒባሱ ውስጥ ነው። በመስኮት ሰላም አልኩት። «አብሽር ጋሼ፣ ደህና ነኝ» አለኝ። ስለ ገመዱ ሳልነግረው መኪናው ተነሳ።